ተቀጥሮ፣ በጥሪ፣ በወር ውል ወይስ በሌላ ድርጅት ሥር? ለጀማሪ የአይቲ ድጋፍ ባለሙያ የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ ወይም በሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ የተመረቀ ወጣት ሥራ ሳይፈልግ ሥራ ይፈልገዋል። የአጎቱ ሱቅ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል፣ የሰፈሩ ክሊኒክ ፕሪንተር ወረቀት እየነከሰ ሲያስቸግር፣ የጎረቤት ልጅ «ላፕቶፔ ፎርማት ይደረግልኝ» ሲል የሚደወለው ለእርሱ ነው፤ ክፍያውም አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ምሳ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ምርቃት ነው። ይህን ሥራ መተዳደሪያው ለማድረግ የወሰነ ዕለት ግን በምርቃት ማደር ስለማይቻል፣ ለማን፣ በምን ዓይነት ስምምነትና በማን ስም እንደሚሠራ መምረጥ ይኖርበታል።

መንገዶቹ በመሠረቱ አራት ናቸው፦ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ በደመወዝ መቀጠር፣ በተጠሩ ቁጥር ሄዶ ጠግኖ ሒሳብ መቀበል፣ ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች ጋር የወር ውል መዋዋል፣ እንዲሁም ትልልቅ ሥራዎችን በሚይዝ ድርጅት ሥር ገብቶ የሥራውን ከፊል መውሰድ። አብዛኛው ጀማሪ እነዚህን የሚያወዳድራቸው በወር ያስገባሉ ብሎ በሚገምተው ብር ነው። እኔ በአራቱም ሠርቼ ያየሁት ዋና ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ላይ ነው፤ ምንም ያልተበላሸበትን ቀን የሚከፍለው ማን ነው? ሁሉም በአንድ ጠዋት ሲበላሽስ ኃላፊነቱ የሚወድቀው በማን ትከሻ ላይ ነው? ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው።

ተቀጥሮ መጀመር

በደመወዝ የተቀጠረ ባለሙያ ምንም ባልተበላሸበት ቀንም ይከፈለዋል። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ነገር አይደለም፤ ጸጥ ያለው ቀን ጀማሪው የሰርቨሩን መዝገብ የሚያነብበት፣ ባክአፕ (የፋይሎች መጠባበቂያ ቅጂ) የተባለው ነገር እውነት ተመልሶ እንደሚከፈት የሚፈትንበት፣ ከእርሱ የሚበልጥ ባለሙያ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በኬብል የሚያገናኝ መሣሪያ) ሲያስተካክል ቆሞ የሚያይበት ቀን ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን በ60 የሥራ ቀናት የገደበ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ በግል ድርጅት ደግሞ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ።

ለስሌት ያህል መሠረታዊ ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ባለሙያ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የሥራ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነጻ ነው፤ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ይከፈልበታል። በየደረጃው ተሰልቶ ግብሩ 4,950 ብር፣ ጡረታው 1,400 ብር ይሆንና በእጁ የሚገባው 13,650 ብር ነው። ጀማሪው ይህን ቁጥር አይቶ ቅር መሰኘቱ አይቀርም። ነገር ግን አሠሪው በስሙ የሚያዋጣው 2,200 ብር እንዳለ፣ ታሞ ቢቀር ደመወዙ ወዲያው እንደማይቆም፣ ለታክሲና ለመሣሪያ ከኪሱ እንደማያወጣ አብሮ መቁጠር ይገባዋል።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። በሥራ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «ሌሎች በቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሥራዎችን ያከናውናል» የምትል አንድ መስመር አለች፤ በተግባር የድምፅ ማጉያ መግጠምን፣ የስብሰባ ፎቶ ማንሣትንና የኃላፊውን ልጅ ላፕቶፕ ማጽዳትን የምታካትተው እርሷ ናት። ከዚህ የሚብሰው ግን አንድ ዓይነት አሠራር ብቻ እያዩ መክረም ነው። ስለዚህ ሁለት የቅጥር አማራጭ የቀረበለት ጀማሪ፣ ብቻውን የአይቲ ክፍል ከሚሆንበትና የተሻለ ከሚከፍለው መሥሪያ ቤት ይልቅ፣ ደመወዙ ዝቅ ቢልም የሚበልጠው ባለሙያ ያለበትን ቢመርጥ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ብቻውን የሆነ ጀማሪ ስሕተቱን የሚነግረው ሰው ስለሌለ ያንኑ ስሕተት ለሦስት ዓመት ይደግመዋል።

በጥሪ መሥራት

ይህ ለመግባት ከሁሉም የቀለለው መንገድ ነው፤ ስልክና ቦርሳ ይበቃዋል። ገንዘቡም ወዲያው፣ ብዙ ጊዜም በቴሌብር ይደርሳል። አሠራሩ በምን ላይ እንደሚቆም ለማሳየት አንድ ጠዋት ብቻ ልጥቀስ።

የወር መጨረሻ ነበር። የአንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ሶፍትዌር በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ በሁለቱ ባልደረቦቿ ላይ ግን አልከፈት ብሏል፣ የግብር መግለጫ ማቅረቢያው ደግሞ ደርሷል። ስደርስ እንዳየሁት የሒሳቡ ፋይል የተቀመጠው በእርሷ ኮምፒውተር ላይ ሲሆን፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደዚያ የሚገቡት በአይፒ አድራሻ (ኮምፒውተሩ በኔትወርክ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር) በተያያዘ የኔትወርክ ድራይቭ በኩል ነበር። ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራውተሩ እንደ አዲስ ተነሥቶ ለእርሷ ኮምፒውተር ሌላ አድራሻ ሰጥቶታል፤ የሁለቱ ኮምፒውተሮች ግን አሮጌውን አድራሻ ይዘው በር ያንኳኳሉ። ለእርሷ ኮምፒውተር የማይለወጥ አድራሻ ሰጥቼ ድራይቩን እንደገና ሳያይዘው ሁሉም ተከፈተ። ሥራው አሥር ደቂቃ አልሞላም። ሥራ አስኪያጁ ሒሳቡን ሲሰሙ «ለአሥር ደቂቃ ይህን ያህል?» አሉኝ፤ መልስ አጥቼ ቀንሼላቸው ወጣሁ።

ዛሬ ሳስበው ያጠፋሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዋጋዬን የነገርኳቸው ከሥራው በኋላ መሆኑ ነው፤ በጥሪ የሚሠራ ሰው የመምጫውን ዝቅተኛ ሒሳብ በስልክ ሳይናገር ከቤቱ መውጣት የለበትም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። የችግሩ ሥር አድራሻው ሳይሆን ራውተሩ የተሰካበት ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ባትሪው መሞቱ ነበር፤ ያንን እንዳይ የከፈለኝ ሰው ስላልነበረ አላየሁትም፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም መብራት ሲጠፋ ሌላ ነገር ተበላሸ። በጥሪ ሥራ ውስጥ ያለው ጠማማ ነገር ይህ ነው፦ ባለሙያው በደንብ በሠራ ቁጥር ይደወልለት የነበረው ይቀንሳል፣ ደንበኛውም ላለመክፈል ሲል ነገሩ እስኪብስ ይጠብቃል። በፍላሽ የገባ ቫይረስ ለሁለት ወር ተዛምቶ ፋይሎችን ሁሉ ከደበቀ በኋላ የሚደወለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ማለት መንገዱ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች፣ ለሱቆች፣ አንድ ወይም ሁለት ኮምፒውተር ላላቸው ጽሕፈት ቤቶች ሌላ የሚስማማ አሠራር የለም። ለጀማሪውም የሰው ብልሽት በየዓይነቱ የሚያይበት ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፓወር ግዕዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ የማይጽፍለት ጸሐፊ፣ ቶነሩ በደንብ ያልተሞላ ፕሪንተር፣ ስክሪኑ የጠቆረ ላፕቶፕና ይለፍ ቃሉ የጠፋ ዋይፋይ ያጋጥመዋል። የወር ውል የሚሰጡ ደንበኞችም በብዛት የሚገኙት ከእነዚህ ጥሪዎች መካከል ነው። ችግሩ ይህንኑ ብቸኛ መንገድ አድርጎ ሦስት አራት ዓመት መቆየት ነው።

የወር ውል

በወር ውል የተያዘ መሥሪያ ቤት የሚከፍለው ላልተበላሸው ቀን ነው። ጥቅሙም አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። ባለሙያው ብልሽት እንዲቀንስ የራሱ ጥቅም ይገፋፋዋል፤ ዩፒኤሱን ይመለከታል፣ ባክአፑን ይፈትናል፣ የተንጠለጠለውን ኬብል ያስራል። በሌላ በኩል ሦስት ወር ምንም ሳይበላሽ ከቆየ ሥራ አስኪያጁ «ይህን ሰው ለምን እንከፍለዋለን?» ማለታቸው አይቀርም። ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት በየወሩ መጨረሻ አንድ ገጽ ሪፖርት መስጠት ነው፤ በየትኛው ቀን እንደተመጣ፣ ምን እንደታየ፣ የትኛው ኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ ማረጀቱን እንደሚያሳይ፣ ባክአፑ ለመጨረሻ ጊዜ ተመልሶ የተሞከረው መቼ እንደሆነ በአጭሩ ይጻፍበታል። ከሒሳብ መጠየቂያው ጋር አብሮ ሲገባ ክፍያውም ይፈጥናል፤ የሒሳብ ክፍል የሚያያይዘው ወረቀት ያገኛልና።

ውሉ በቃል መሆን የለበትም። ቢያንስ የኮምፒውተሮቹ ብዛት፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ሲደወል በስንት ሰዓት ውስጥ መልስ እንደሚሰጥና በስንት ሰዓት ውስጥ በአካል እንደሚደርስ ተለይቶ መጻፍ አለበት። ሁለቱ ሰዓቶች የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ጀማሪ አያስተውልም፤ «በአንድ ሰዓት ውስጥ» ብሎ የፈረመ ሰው መገናኛ ላይ በመኪና መጨናነቅ ተይዞ ውሉን ያፈርሳል። ከዚያ ደግሞ ውሉ የማይጨምረው በግልጽ ይጻፍ፦ የዕቃ ግዢ፣ አዲስ የኬብል ዝርጋታ፣ የካሜራ ገጠማ፣ የሠራተኞች የግል ላፕቶፖች፣ በተለይም የኃላፊዎች የመኖሪያ ቤት ዋይፋይ። ይህ የመጨረሻው ሲጻፍ ያሳፍራል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን ቅዳሜ ከሰዓትን ይበላል።

የዕቃ ዋጋ በተለይ ጥንቃቄ ይሻል። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላ የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ምን ያህል በፍጥነት ሊለወጥ እንደሚችል ሁላችንም አይተናል፤ ስለዚህ የሚሰጥ ፕሮፎርማ ሁሉ የሚጸናበት ቀን ይጻፍበት። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ፕሮፎርማ አሰባስቦ፣ ኮሚቴ አስቀምጦ፣ ቼክ እስኪያዘጋጅ ወር ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ መካከል ዕቃው ቢወደድ ልዩነቱ ከባለሙያው ኪስ መውጣት አይገባውም። እኔ ደንበኛው ዕቃውን ራሱ እንዲገዛ አድርጌ መግለጫውን ብቻ ብጽፍለት እመርጣለሁ፤ ትርፉ ይቀርብኛል፣ ጸቡም አብሮ ይቀራል።

ለወር ውል በር የሚከፍት አንድ ወቅታዊ ጉዳይ አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚጠይቀው ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ያለው ማሽንና፣ ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ነው። በከተማችን ብዙ ጽሕፈት ቤቶች የሚሠሩት ከውጭ ያገለገሉ ሆነው በገቡ የ4ኛና የ6ኛ ትውልድ ዴስክቶፖች በመሆኑ፣ የትኛው ማሽን እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚቀየር፣ የትኛው ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለጽሑፍ ብቻ ሊያገለግል እንደሚችል ዘርዝሮ የሚያቀርብ ባለሙያ ከመሥሪያ ቤቱ ጋር የዓመት ውይይት ይጀምራል። ይህ ዝርዝር በጥሪ የሚሸጥ ሥራ አይደለም፤ ለወር ውል ግን ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። አራት መሥሪያ ቤት በየወሩ 6,000 ብር ቢከፍሉ ድምሩ 24,000 ብር ነው፤ ከደመወዝተኛው 20,000 ይበልጣል። ነገር ግን ለትራንስፖርት 2,500፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 1,500፣ ለመሣሪያና ለአላቂ ዕቃ 1,500፣ ለሒሳብ ሠራተኛ 1,000 ብር ቢወጣ 17,500 ይቀራል፤ የዓመቱ ግብር ገና አልተነሣም፣ ጡረታም የለም። ከአራቱ አንዱ ክፍያውን ቢያዘገይ በዚያ ወር በእጅ ያለው 11,500 ብር ነው። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያስቀመጥኳቸው ቢሆኑም የአንዱ መዘግየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ መሥሪያ ቤት የአምስት ወር ሒሳቤን ይዞ ቆይቶ፣ ፈራሚው ኃላፊ ሲቀየሩ አዲሱ «ውሉን አላውቀውም» ብለውኝ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ በውሎቼ ሁሉ ላይ የሁለት ወር ክፍያ ካልተፈጸመ አገልግሎቱ እንደሚቋረጥ አስጽፋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ማለትም ሁሉም በአንድ ጠዋት ሲበላሽ የሚሆነው ነገር፣ በወር ውል ላይ ከሁሉም ይከብዳል። አሥርና አሥራ ሁለት ኮምፒውተር ካላቸው መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰው ብቻውን ከአምስት ወይም ከስድስት በላይ መያዝ የለበትም ብዬ አምናለሁ። በወሩ አጋማሽ አሥር የሚችል ይመስለዋል፤ በግብር መግለጫ ሳምንት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደውላሉ። ስለዚህ ጀማሪው ሦስተኛውን ውል ከመፈረሙ በፊት፣ ሲታመም ወይም ለለቅሶ ክፍለ አገር ሲሄድ የሚተካው አንድ የሙያ ጓደኛ ይኑረው፤ የሁለቱ ስምምነትም የአንዱን ደንበኛ ሌላው እንዳይወስድ የሚያስር ይሁን።

በሌላ ድርጅት ሥር መሥራት

የሆቴል ሙሉ ኔትወርክ ወይም የብዙ ቅርንጫፎች ገጠማ የሚይዙ ድርጅቶች ሥራ ሲበዛባቸው ወጣቶችን በቀን ወይም በነጥብ (በሚገጠሙ የኔትወርክ መስመሮች ብዛት) ሒሳብ ይወስዳሉ። ጀማሪው ለብቻው በፍጹም የማይደርስበትን ሥራ የሚያየው በዚህ ነው፤ ራክ (የኔትወርክ ዕቃ መደርደሪያ) እንዴት እንደሚደራጅ፣ ፓች ፓነል (ኬብሎች የሚሰበሰቡበት ሰሌዳ) እንዴት እንደሚቆጠር፣ ፋይበር ሲበየድ ምን እንደሚመስል፣ በክፍለ አገር ከተማ ውስጥ ዕቃ ሲጎድል ምን እንደሚደረግ ይማራል። ደንበኛው ሲቆጣም ፊት ለፊት የሚቆመው ሌላ ሰው ነው።

በምትኩ ደንበኛው መቼም የእርሱ አይሆንም፤ ዋናው ድርጅት ሳይከፈለው ለእርሱም አይከፈለውም፤ ይህ ሰንሰለት ደግሞ ረጅም ነው። ከቀን አበልና ከትራንስፖርት ውጪ ያለው ክፍያ የሥራው ርክክብ ሲያልቅ የሚፈጸም ከሆነ፣ «ርክክብ» የሚባለው የማን ፊርማ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው። ለአጭር ጊዜ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ለመተዳደሪያ ግን ከአራቱ ዝቅተኛ አድርጌ የማስቀምጠው ይህን ነው።

ከቤት ሆኖ ለውጭ አገር ኩባንያ በርቀት ድጋፍ መስጠትም አለ። የአሜሪካ የሥራ ሰዓት የእኛ ምሽትና ሌሊት በመሆኑ እንቅልፍን ያዛባል፣ መብራትና ኢንተርኔት ሳይቋረጥ ማቅረብም የባለሙያው ጣጣ ነው፤ ሁለት የተለያዩ የኢንተርኔት መስመሮችና በቂ ባትሪ የሌለው ጀማሪ ባይሞክረው ይሻላል።

በማን ስም? ፈቃድ፣ ደረሰኝና ግብር

ከቅጥር ውጪ የሆነ መንገድ የመረጠ ሰው መደበኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገብቶ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚሰማው «ደረሰኝ አለህ?» የሚል ነው። በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ለንግድ ሥራ ምዝገባና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ያለ ቅጣት ይታደሳል። ከፋዩ መሥሪያ ቤት ከአገልግሎት ክፍያ ላይ የሚቀንሰው ተቀናሽ ግብር ከዓመቱ ግብር የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ ስለሆነ፣ የተቀነሰበትን ደረሰኝ እየተቀበሉ ማስቀመጥ ገንዘብ ማስቀመጥ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማለትም ቲን ላላቀረበ ሰው ግን ተቀናሹ 30 በመቶ ይደርሳል። ጀማሪው ሌላውን ሁሉ ቢያዘገይ እንኳ ይህን አያዘግይ።

በግለሰብ ነጋዴነትና በማኅበር መካከል ያለው ምርጫ ላይ ብዙ መድከም አያስፈልግም። በ2013 የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፤ ይህም ለብቻ ለሚሠራ ባለሙያ በፊት ያልነበረ አማራጭ ነው። ማኅበሩ ዕዳ ቢገባ የባለሙያው የግል ንብረት በመርሕ ደረጃ አይነካም፤ ግብሩም ከትርፉ ላይ 30 በመቶ ነው፣ ትርፉን ወደ ራሱ ሲያወጣ ደግሞ ሌላ ግብር አለበት። ግለሰብ ነጋዴ በአንጻሩ በንብረቱ ሁሉ ይጠየቃል፤ ሒሳቡና ወረቀቱ ግን ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ውል ይዞ ለሚጀምር ሰው ግለሰብ ነጋዴነት ይበቃዋል፤ ሠራተኛ መቅጠር ወይም ዕቃ በዱቤ አምጥቶ መሸጥ ሲጀምር ወደ ማኅበር ይዙር። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው ደግሞ የሚናገረው ዋጋ 15 በመቶውን ይጨምር አይጨምር ሳይለይ ቁጥር ከአፉ አይውጣ።

ከወረቀቱ ጋር አንድ ሌላ ነገር አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰዎችን መረጃ የሚነካ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል። የተቀጠረ ሰው መደቡ በሚፈቅድለት ልክ ይሸፈናል። በውል የሚሠራው ግን የትኞቹን ማሽኖች፣ የትኞቹን ኢሜይሎችና የትኞቹን ፎልደሮች እንዲከፍት እንደተፈቀደለት በጽሑፍ ይያዝ። የክሊኒክ ወይም የጠበቃ ጽሕፈት ቤት ሀርድ ዲስክ ለጥገና ወደ ቤት ይዞ መሄድ ለዓመታት ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው፤ አሁን ግን ፊርማ ሳይቀበሉ ከበሩ ማውጣት አይገባም።

በመጀመሪያው ገንዘብ ምን ይገዛ?

ጀማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ምስክር ወረቀት ይቅደም ወይስ መሣሪያ የሚል ነው። ሲሲኤንኤ (የሲስኮ የኔትወርክ ምስክር ወረቀት) በአንድ፣ ኤ ፕላስ (የኮምፕቲያ የኮምፒውተር ድጋፍ ምስክር ወረቀት) በሁለት ፈተና የሚገኙ ሲሆን ሁለቱም የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ነው፤ ክፍያቸውም በዶላር የሚሰላ ነው። የአገር ውስጡ የብቃት ማረጋገጫ፣ ሲኦሲ የምንለው፣ በብር የሚከፈል በመሆኑ ይቀላል። ለመቀጠር የሚፈልግ ሰው ምስክር ወረቀቱን ያስቀድም፤ ቅጥር ክፍሉ የሚያየው እርሱን ነው። በጥሪም ሆነ በወር ውል ለሚጀምር ግን አነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ስለ ሲሲኤንኤ ጠይቀውኝ አያውቁም። ለእርሱ ጥሩ ክሪምፐር (የኬብል ጫፍ መግጠሚያ) እና የኬብል መፈተሻ፣ አቧራ መንፊያ፣ የመጫኛ ፋይሎች ያሉባቸው ሁለት ፍላሾች፣ ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ መቀየሪያና አንድ ቴራባይት ውጫዊ ኤስኤስዲ ይቅደሙ። የኤስኤስዲው ሥራ አንድ ነው፤ ማንኛውም ማሽን ፎርማት ከመደረጉ በፊት ዴስክቶፑና ዶክመንቱ ብቻ ሳይሆን የፒችትሪው ፎልደር፣ የአውትሉክ ፋይሉና የተጫኑት የአማርኛ ፊደላት ሁሉ ወደ እርሱ ይገለበጣሉ፣ ለሁለት ሳምንትም አይነኩም። «ምንም የለበትም፣ ፎርማት አድርገው» የሚል ደንበኛ ከአራት ቀን በኋላ የልጁን ክርስትና ፎቶ ይጠይቃል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ብጠየቅ፣ ገቢ ሳያገኝ ስድስት ወር ሊቆይ የማይችል ወጣት ተቀጥሮ ይጀምር፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይቆይ፤ በዚያው ጊዜ ከሥራ ሰዓት ውጪ ለአሠሪው ተፎካካሪ ያልሆኑ ጥሪዎችን ይቀበል፤ ከጥሪዎቹ መካከል ሁለቱ ወደ ወር ውል ሲለወጡለት ይልቀቅ። ቤተሰቡ ሊያቆየው የሚችል ደግሞ በሌላ ድርጅት ሥር አንድ ሁለት ትልልቅ ሥራ አይቶ በቀጥታ ወደ ወር ውል ቢሄድ አይጎዳም።

ሲለቁ ያለው ነገር በአራቱም መንገዶች ይለያያል። ተቀጣሪ ሲለቅ ክሊራንስ ይሞላል፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ይጠይቀዋል። በውል የሚሠራን ሰው ግን የሚጠይቀው የለም፣ ችግሩም የሚገለጠው እርሱ ከሄደ በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ የተረከብኩት ዌብሳይቱ ተዘግቶበት ነበር፤ የዶሜይን ስሙ የተመዘገበው ከእኔ በፊት በነበረው ልጅ የግል ኢሜይል ሲሆን፣ ልጁ ወደ ውጭ ወጥቶ ስልኩም ኢሜይሉም አልሠራ ብሎ መሥሪያ ቤቱ ለዓመታት የተጠቀመበትን ስም ትቶ ሌላ ለመግዛት ተገደደ። ስለዚህ በእኔ ውል የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ይህ ነው፦ ዶሜይኑ፣ ዋናው ኢሜይልና የኢንተርኔት መስመሩ በመሥሪያ ቤቱ ስም መመዝገባቸው ይጣራል፤ የራውተሩ፣ የሰርቨሩና የካሜራው ይለፍ ቃል በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ አንዱ በታሸገ ፖስታ ለሥራ አስኪያጁ ይሰጥና በካዝናቸው ይቀመጣል፣ በማስረከቢያው ላይም ሁለታችን እንፈርማለን። ይለፍ ቃል በተቀየረ ቁጥር ፖስታው ይቀየራል፣ ቀኑም በላዩ ላይ ይጻፋል።